የሾፌሩ ቀኝ እግር

ሟቹ የተገኘው እሁድ ጠዋት፣ ከቧንቧ ፋብሪካው አጥር ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ወድቆ ነው። ተገኘ ስል ማንም ፈልጎት አይደለም። የገጨው ሰው ራሱ ነው ጣቢያ ደውሎ «መኪናዬ አብዳብኝ ሰው ገደለች» ያለው። ልብ በሉ፣ ገደልኩ አላለም፤ ገደለች ነው ያለው።

እኔና አለቃዬ ስንደርስ የፋብሪካው ባለቤት ትንሽ ፈቀቅ ብላ በቆመችው ግራጫ አውቶሞቢሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል። የተቀመጠው ከኋላ ወንበር ነው። ሲነዳ የነበረው እሱ ራሱ ነው፤ እሁድ የሾፌሩ የዕረፍት ቀን ስለሆነ አብሮት ማንም አልነበረም። ያም ሆኖ ሰውዬው ከመሪው ወርዶ፣ የኋላውን በር ከፍቶ ገብቷል። እኔ ድንጋጤ ነው ብዬ አለፍኩት። አለቃዬ ግን ልብ አለችው።

ጣቢያ ውስጥ አለቃዬን «ሙጫ» ነው የሚሏት፤ አንድ ጉዳይ ላይ ከተለጠፈች በሙቅ ውሃም አትላቀቅም። በፊቷ «እርስዎ» እላታለሁ፤ ማዕረጓም ዕድሜዋም ግድ ይላል። በልቤ ግን ታላቅ እህቴ ናትና እዚህ እንደ ልቤ እጽፋታለሁ።

ባለፋብሪካው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቃሉን ሰጠ። «ክሩዙን ይዤ ነበር የምመጣው» አለ። «ክሩዝ ታውቂያለሽ አይደል? ፍጥነቱን ታዢያታለሽ፣ እግርሽን ታነሺያለሽ፣ መኪናዋ ራሷ ይዛው ትሄዳለች። ፋብሪካው ጋ ስደርስ አልለቅም አለች። ፍሬን ብረግጥም አትሰማም። መሪውም ከእጄ አመለጠ። ሰውዬው ደግሞ እዚያው ዳር ላይ ነበር።»

«ሰውዬውን ያውቁታል?»

«የፋብሪካዬ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ምን ዓይነት ዕድል እንደሆነ አላውቅም።» ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። «መኪናዋን የሚይዛት ሾፌሬ ነው። አርብ ማታ ጤነኛ ናት ብሎ ነው ያስረከበኝ። እሱን ጠይቁት።»

አለቃዬ አመስግናው ወደ መንገዱ ዳር ሄደች። ጎንበስ ብላ የጎማውን ዱካ ተከተለች፤ እኔም ከኋላዋ። ዱካው ከአስፋልቱ ወርዶ፣ የእግረኛውን መንገድ ይዞ ሟቹ እስከወደቀበት ደርሶ፣ ትንሽ አልፎ ተመልሶ አስፋልት ወጥቷል።

«ሳጅን፣ ምን ታያለህ?»

«የጎማ ዱካ ነዋ።»

«ያበደ ነገር መንገድ ስቶ ሲወጣ አይቻለሁ» አለች። «እንዲህ አምሮበት ወደ መንገዱ ሲመለስ ግን አይቼ አላውቅም።»

ያን ቀን ምሳዬን በሰዓቱ እንደማልበላ ገባኝ።

*

የጣቢያው አዛዥ ከሰዓት በፊት ሾፌሩን ይዘን እንድናመጣ አዘዘን። መኪናን በቸልተኝነት ይዞ ለሰው ሞት ምክንያት መሆን የሚል ነገር ተዘጋጅቶለታል። ፋይሉ በሳምንቱ መጨረሻ ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል። አዛዡ የሚዘጋ ፋይል ይወዳል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠላም።

ሾፌሩን ፋብሪካው ውስጥ «ለስላሳ» ይሉታል። ሲነዳ እጅግ ከመለስለሱ የተነሳ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ቢይዝ አይፈስበትም ይባላል። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። በእኛ ፒክአፕ ስናመጣው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አንድ ነገር ሲያዳምጥ አይቼዋለሁ፤ ፍርሃት መስሎኝ ነበር።

«መኪናዋ ምን ነበራት?» አለችው።

«ምንም።»

«ክሩዙስ?»

ዓይኑ ወደ ጫማው ወረደ። «ይሠራል።»

«አስቸግሮህ አያውቅም?»

«አያውቅም፣ እትዬ። መኪናዋ ጤነኛ ናት።»

ደጋግማ ጠየቀችው፤ ደጋግሞ ጤነኛ ናት አለ። ስንወጣ ሚስቱ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ በሩ ላይ ቆማለች። «የኔ እህት፣ መቼ ይፈታል?» አለቻት አለቃዬን። «ለልጄ አባትህ መንገድ ሄዷል ብዬዋለሁ። እስከ መቼ እዋሸዋለሁ?»

«አንድ ነገር ደብቆናል» አለቻት አለቃዬ። «ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። «የሥራውን ነገር ቤት አያወራም። የሚያመው ቀኝ እግሩን ነው። ማታ ማታ በሙቅ ውሃ እዘፈዝፍለታለሁ።»

እኔ ሰምቼ ረሳሁት። ሙጫ ግን የሰማችውን ነገር አታንጠባጥብም።

*

ማክሰኞ ፋብሪካው ሄድን። ዘበኛው ወሬ የሚወድ፣ ግን ዙሪያውን ሳያይ የማያወራ ሽማግሌ ነው።

«ሟቹና ለስላሳ አርብ ተጣልተው ነበር» አለን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መኪና ማቆሚያው ጋ። ሟቹ 'አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ! ሰኞ ጠዋት እነግረዋለሁ!' ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለስላሳ እግሩ ላይ ሊወድቅለት ምንም አልቀረው።»

«ምንድነው የሚነግረው?»

«እሱን እንግዲህ እነሱ ያውቃሉ፣ ልጄ።»

መኪና ውስጥ እንደገባን ልቤ ሞቀ። «ያዝነው» አልኳት። «ነዳጅ እየሸጠ ነበር፤ ሟቹ ደረሰበት። አፉን ለማዘጋት መኪናዋን አበላሸ። በቃ፣ አለቀ።»

አለቃዬ በመስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው አየች።  «ያስኬዳል» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። መኪና ያበላሸ ሰው መኪናዋ መንገድ ላይ ማንን እንደምትመታ ይመርጣል?»

ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አስነሳሁ።

«ሟቹ እሁድ ጠዋት እዚያ ምን ይሠራ ነበር? እሱን የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰደኝ።»

የሟቹ ሚስት ጥቁር ለብሳ፣ ዘመድ በሞላው ሳሎን ጥግ ተቀምጣለች። ስታየን ተነስታ ወደ ጓዳ ወሰደችን። ማልቀሱን የጨረሰች ሴት ናት፤ አሁን የቀራት ንዴት ነው።

«እሱ ነው የጠራው» አለች። «ባለፋብሪካው ራሱ። ቁርስ እየበላን ስልኩ ጮኸ። በእግርህ ናልኝ፣ ቅርብ ነህ፣ እንነጋገር አለው።»

«ስለምን?»

«ስለ ቧንቧው። ለሆስፒታል የተሸጠው ቧንቧ ተሰንጥቆ ተገኝቷል። ባለቤቴ ካላስመለስከው ሰኞ ለመንግሥት ቢሮ አመለክታለሁ ብሎት ነበር።» እጇን አጣጠፈች። «እዚያ ግቢ ክፉ ወሬ ይዞ የገባ ሰው በማግስቱ ዕቃውን ሸክፎ ይወጣል። ማሽን ቢሰበር እንኳ አይነግሩትም፤ በጓሮ ጠግነው ነው የሚያቆዩት። ባለቤቴ ብቻ ነበር አፉን የሚከፍተው። ተው ብዬው ነበር። 'ሁሉም ዝም ካለ ሰውዬው የሚነዳው ዓይኑን ጨፍኖ ነው' ይለኝ ነበር።»

ባለፋብሪካውን ስለ ስልኩ ስንጠይቀው አልካደም። «ለሥራ ጠራሁት፤ እና? እንደውም ሐዘኔን የሚያከብደው እሱ ነው፤ እኔ ባልጠራው በሕይወት ይኖር ነበር።» ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ አመንኩት ማለት ይቻላል።

«አየህ» አለችኝ ስንወጣ፣ «ሰውዬው ሁሉን ነገር አሳምሮ ይመልሳል። የሚደገፈው ግን በአንድ ነገር ላይ ነው፤ መኪናዋ አልለቅም አለች በሚለው። እሷን እንጠይቃታ።»

*

የፖሊስ ጋራዥ ኃላፊውን «ዶክተር» ነው የምንለው። መኪና በኮምፒውተሩ ሲመረምር እንደ ሐኪም «እህ... እህ...» ይላል፤ ራሱን ከፍ አድርጎ ነው የሚያየው፤ እውቀቱም አለው። ረቡዕ ጠዋት ግራጫዋን መኪና ከፍ አድርጎ ሰቅሏት ጠበቀን። የፊቷ መብራት ተሰብሯል፣ ኮፈኗ ተጨርምቷል፣ ሞተሯ ግን ይሠራል።

«በተራ እንጠርጥራቸው» አለ። «መጀመሪያ ፍሬኑ። ጤነኛ ነው። ክሩዝ የፈለገውን ያህል ቢያብድ ይህንን ፍሬን የረገጠ ሰው ያቆማታል።»

«የእግር ፍሬኑ ሲረገጥ ክሩዙን የሚያጠፋው ማብሪያስ?» አለች አለቃዬ። ለካ ማታ ስታነብ ነው ያደረችው።

«እሱም ይሠራል። መሪው ላይ ያለው ቁልፍም ይሠራል፤ ስትጫኚው ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ግን አንድ አስቂኝ ነገር አለ።» እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ። «ክሩዙ ራሱ አይሠራም። ጠዋት ግቢውን ዞርኩባት። መብራቱ ይበራል፣ እግሬን ሳነሳ ፍጥነቷ ይቀንሳል። አትይዝም።»

አዛዡም አብሮን መጥቶ ነበር። «በግጭቱ ተበላሽቶ ነዋ» አለ ሰዓቱን እያየ።

እውነት ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ያበቃ መሰለኝ፤ አለቃዬ ግን ከመኪናዋ ሆድ ሥር ገብታ ወደ ላይ አንጋጠጠች። «ዶክተር፣ ምኑ ነው የተበላሸው? በግጭት ነው ካልን የተሰበረውን አሳየን።»

ፍለጋው እስከ ምሳ ሰዓት ወሰደ። ሽቦውን ተከተለ፣ ፊውዙን ቀያየረ፣ ኮምፒውተሩን ጠየቀ። በመጨረሻ ከካምቢዮው ጎን አውራ ጣት የምታክል ሴንሰር ፈታ። ሶኬቷ ውስጥ ዘይት ገብቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል።

«ይቺ ናት» አለ። «ካምቢዮው በምን ፍጥነት እንደሚሽከረከር ለኮምፒውተሩ የምትናገረው እሷ ናት። የፍጥነት መቁጠሪያው ከጎማዎቹ ስለሚያነብ እሱ ያለ እሷም ይሠራል። ክሩዙ ግን ከእሷ ካልሰማ አይይዝም፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው።»

«ግጭቱ ነው?»

«ግጭቱ ፊቷ ላይ ነው፣ ይህ ሆዷ ነው። ዘይት ደግሞ በአንድ እሁድ እንዲህ አይጋገርም። ወራት ፈጅቶበታል።»

እርግጠኛ ለመሆን ዓይናችን እያየ ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ሴንሰር ፈትቶ ገጠመላት። ግቢውን ስንዞር ክሩዙ ጥርት አድርጎ ያዘ። የድሮዋን ሲመልስ እንቢ አለ። ደግሞ ደጋገመው።

«ሴንሰሯ ሞታ እያለ ይዞ አልለቅ ሊል ይችላል?» አለች አለቃዬ።

«ያልያዘ ነገር ምኑን ይለቃል?»

አዛዡ ግንባሩን አሻሸ። «ታዲያ ሾፌሩ ለምን ይሠራል አለ?»

«እሱን እጠይቀዋለሁ» አለች። «የድሮዋን ሴንሰር እዚያው ተዋት። አትንኳት።»

*

ለስላሳ ክሩዙ ከሞተ ወራት እንደሆነው እንደምናውቅ ስትነግረው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«በቃ ጨረሳችሁኝ» አለ። «ብልሽቱን እያወቀ ደበቀ ትላላችሁ። ልጄ በእስር ቤት በር ሊያድግ ነው።»

«ወንድሜ፣ ቀና በል። ለምን አልነገርከውም?»

«ከእኔ በፊት የነበረው ሾፌር 'የመኪናዋ ማቀዝቀዣ ተበላሽቷል' ብሎ ነው የተባረረው። አንተ ነህ ያበላሸኸው አለው። ጋራዥ ልውሰዳት ብል ደግሞ ያለእሱ ፊርማ ዕቃ አይገዛም።» እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «ክሩዙን ይወደዋል። እንግዳ ሲያሳፍር 'እዩ፣ ራሷ ናት የምትሄደው፣ ሾፌሬ እግሩን አንስቷል' ይላቸዋል። ከኋላ ሆኖ አረንጓዴዋን መብራት ያያታል። እኔ መብራቷን አበራለታለሁ፤ ፍጥነቱን በእግሬ እይዛለሁ።»

«በእግርህ?»

«በቀኝ እግሬ። ሽቅብም ቁልቁልም መቁጠሪያው ሳይነቃነቅ። ረጅም መንገድ ከሆነ ማታ ያብጣል።»

እኔ ሳላስበው ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ራሴን ጠላሁት።

«ሟቹስ?» አለች አለቃዬ። «አርብ ምን ነበር ያላችሁ?»

«አንድ ቀን ከፊት ተቀምጦ እግሬን አየኝ። 'ሰው አይደለህም ወይ፣ ንገረው' ሲለኝ ከረመ። አርብ ዕለት ነው 'አንተ ካልነገርከው ሰኞ እኔ እነግረዋለሁ' ያለኝ። ልጄን አስብልኝ ብዬ ለመንኩት።»

አለቃዬ ወንበሯን ስባ ተነሳች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ሌላ ጊዜ ያየሁት ጥቂት ነው። «ባለፋብሪካው ክሩዙ እንደማይሠራ አያውቅም ማለት ነው» አለች።

«ማን ይነግረዋል፣ እትዬ?»

*

ሐሙስ ዕለት ባለፋብሪካውን በአክብሮት ጠራነው። ፋይሉን ልንዘጋ ነው፣ ቃልዎን አንድ ጊዜ አሟልተን እንጻፈው አለችው። ደስ ብሎት ከመጀመሪያው የበለጠ አሳምሮ ተናገረ፦ ቁልፉን እንደተጫነ፣ አረንጓዴዋ መብራት እንደበራች፣ እግሩን እንዳነሳ፣ መኪናዋ ራሷ ፍጥነቷን ይዛ ብዙ መንገድ እንደመጣች፣ ከዚያ ግን አልለቅም እንዳለችው። አነበበው፤ ፈረመ።

«አሁን መንገድ ላይ ያሳዩን» አለችው። «እኔ ማሽን ብዙም አይገባኝም።»

«ያበደች መኪና እንድነዳ ነው የምትፈልጊው?»

«ፍሬኗን ባለሙያ አይቶታል። እኔም አብሬዎት ነኝ።»

እሱ ከመሪው፣ እሷ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ሆነን ከከተማ ወጣን። ሰውዬው የሚነዳው እያንገጫገጨ ነው፤ የለስላሳ እግር ትዝ አለኝ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስንደርስ ቁልፉን ተጫነ። አረንጓዴዋ መብራት በራች።

«ይኸው» አለ ፈገግ ብሎ፣ እግሩንም አነሳ።

መኪናዋ ቀስ እያለች ቀዘቀዘች። ሞተሩ ረገበ፣ መቁጠሪያው ወረደ። ከኋላችን የነበረ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ባለፋብሪካው ነዳጅ ሰጥቶ እንደገና ተጫነ፤ መብራቷ በራች፤ እግሩን አነሳ፤ መኪናዋ ቀዘቀዘች። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረ፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ ዳር ይዛ ቆመች።

«ግጭቱ ነው ያበላሸው» አለ።

«አይደለም። ካምቢዮው ላይ ያለች ሴንሰር ናት፤ ከሞተች ወራት ሆኗታል። ባለሙያው ሌላ ገጥሞ፣ መልሶ ፈትቶ አረጋግጧል። ሾፌርዎ ይህን ሁሉ ጊዜ በእግሩ ነበር የሚይዝልዎ።»

የሰውዬው አንገት ቀላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «ለምን አልተነገረኝም? የእኔ መኪና አይደለችም? ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ...»

እዚያ ላይ አፉን ዘጋ። ሦስታችንም የአረፍተ ነገሩን መጨረሻ ሰማነው።

«ቢነግሩዎ ኖሮ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ ነበር» አለች አለቃዬ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በፋብሪካዎ ውስጥ ይህን ሊነግርዎ የቆረጠ አንድ ሰው ነበር። ሰኞ ጠዋት ሊነግርዎ ቀጥሮ ነበር። እሁድ ገደሉት።»

ባለፋብሪካው ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ። የሚሮጥ መስሎኝ ተነሳሁ። እሱ ግን ዞሮ መጥቶ የኋላውን በር ከፈተና ከጎኔ ተቀመጠ። ካቴናውን ያጠለቅሁለት እዚያ ነው። መኪናዋን አለቃዬ ነድታ መለሰችን።

*

ለስላሳ አርብ ጠዋት ተፈታ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ አየችውና ሳህኗን መሬት አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ ግን ወደ እሷ ከመሄዱ በፊት አለቃዬ ፊት ቆመ።

«ብነግረው ኖሮ ሰውዬው ይተርፍ ነበር?»

«አይተርፍም» አለችው። «ሊገድለው የቆረጠ ሰው ነው። ግን ዝም በማለትህ ልትታሰርለት ነበር። ሟቹ ንገረው ያለህ ላንተም አስቦ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። 

«እትዬ፣ የእናንተ ፒክአፕ... የኋላ ግራ ጎማዋ ቡሎን ላልቷል። ስታመጡኝ ሰምቼዋለሁ። መንገድ ላይ ሊወልቅባችሁ ይችላል።»

እኔና አለቃዬ ተያየን። በዚያች ፒክአፕ ሳምንቱን ሙሉ ስንዞርባት ነው የከረምነው።

«መኪኖቹ በአዛዡ ኃላፊነት ሥር ናቸው» አለችው። «ቢሮው ያ ነው። ራስህ ንገረው።»

ለስላሳ በሩን አየ። አዛዡ ውስጥ ሆኖ በስልክ ሰው ላይ ሲጮህ ይሰማል። ሚስቱን አያት፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ቀኝ እግሩን ትንሽ እያነከሰ ሄዶ በሩን አንኳኳ።